አዴ ዲንቄና የካቺሲ እድር ሞተር

ዛሬ ረፋዱ ላይ አምቦ መብራት ጠፋ። ጠፋ የምለው ለወጉ ያህል ነው፤ እኛ ጋ ወሬ የሚሆነው ሲመጣ ነው። ወዲያው ከባንኩ ጎን ያለው ጄኔሬተር አጓራ፣ ቀጥሎ የሆቴሉ ተነሣ፣ ቀጥሎ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ትንሿ ቤንዚን ጠጪ እንደ ንብ እዝዝ ማለት ጀመረች። እኔ ሱቄ በር ላይ ወንበሬን አውጥቼ ሻይ እጠጣ ነበር። መብራት ሲጠፋ ከሚከፋቸው ሰዎች ጋር እንዳትቆጥሩኝ፤ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ ጨለማ ነው።

ከሁሉም ኋላ፣ ከታች ከወፍጮ ቤቱ በኩል፣ አንድ አሮጌ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ተነሣ። ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ፤ በየመሀሉ ትንፋሽ እየወሰደ፣ ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ። እንዲህ ያለው ሞተር በአገሩ የቀረ አይመስለኝም ነበር። ብርጭቆዬን መሬት አስቀመጥኩ። ጎረቤቴ መድኃኒት ሻጩ አየኝና፣ "ሸምሱ፣ ምነው? አመመህ እንዴ?" አለኝ።

"የለም፣ የማውቀው ሰው የጠራኝ መስሎኝ ነው" አልኩት።

ያን ጊዜ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ነጋዴ ማለት በስብሰባ ላይ ስሙ ከአሻጥረኛ ጋር ተጣምሮ የሚጠራ፣ ከስብሰባው በኋላ ደግሞ ሰብሳቢው ራሱ በጓሮ በር መጥቶ ስኳር የሚለምነው ፍጡር ነበር። አባቴ ከስልጤ መጥቶ አምቦ ገበያ ላይ ጨውና ቡልኮ ይነግድ የነበረ ሰው ነው። ትምህርት ቤት ልኮኝ ነበር፤ እኔን ግን ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ያስተማረኝ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ነው። በመንገዱ ላይ ገበያው አለ፣ ጋራዡ አለ፣ የመኪና ተራው አለ።

ሥራዬ አሮጌ ሞተር ነበር። የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲዘጋ፣ የሆነ ቦታ ሐራጅ ሲወጣ፣ የሞተ ሞተር እገዛና ጉደር ወደሚኖር አንድ መካኒክ እወስዳለሁ፤ እሱ ሁለት ሬሳ አገጣጥሞ አንድ ሕያው ያወጣልኛል። ፈላጊው ብዙ ነበር። ከጊንጪ እስከ ባኮ ድረስ መብራት ያለው ከተማ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ያለውም ቢሆን እንደ ክረምት ፀሐይ ብቅ እያለ የሚሸሽ ነው። ወፍጮ ቤት ሞተር ይፈልጋል፣ ጤና ጣቢያ ይፈልጋል፣ ደጋሽ ይፈልጋል። ቀበሌም ለበዓሉ ይፈልጋል፤ ቀበሌ የሚፈልገው ግን በነፃ ነው። ሰው ጨለማን ለምዶት የሚኖር ይመስላችኋል። አይለምደውም። አንድ ቀን አምፖል ሲበራ ያየ ገበሬ፣ ሦስት ቀን መንገድ ሄዶም ቢሆን ዋጋውን ጠይቆ ይመለሳል።

አዴ ዲንቄን ያወቅኳቸውም እንዲሁ ዋጋ ሲጠይቁ ነው። ከጊንደበረት፣ ከካቺሲ ናቸው፤ እዚያ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ማርና ቅቤ ይዘው አምቦ በመጡ ቁጥር ከእኔ ዘንድ ሳይደርሱ አይመለሱም ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ ባልቴት። ሞተሩን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ ያደርጉና፣ "አካም ጅርታ፣ ያ ጉርባ? ይሄ ብረት አልተሸጠም ገና?" ይሉኛል። አዴ እማማ እንደማለት ነው፣ ጉርባ ደግሞ ልጅ ማለት ነው፤ ሚስት አግብቼ እንኳ ለእሳቸው ጉርባ ነበርኩ።

"ለእርስዎ ያስቀመጥኩት ነው፣ አዴ ዲንቄ። ወላሂ የገዛሁበትን ነው የምነግርዎት።"

"ዋጋውን ተወው። መጀመሪያ ወላሂውን ቀንስልኝ።"

ከዚያ ግማሽ ቀን እንከራከራለን። እሳቸው በእጃቸው ገንዘብ የላቸውም፤ እኔም እንደሌላቸው አውቃለሁ። የካቺሲ እድር ገና እያዋጣ ነበር። ቢሆንም እንከራከራለን፣ ሲደክማቸው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሲያርፉ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ጊንደበረት ውስጥ ከአዴ ዲንቄ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ነጋዴ የለም ይባል ነበር፤ እኔ ደግሞ የተሸነፍኩት ሳልሸጥ ነው።

እድሩ ሞተር እንዲገዛ ያሳመኑት እሳቸው ነበሩ። ድንኳን አለን፣ ድስት አለን፣ አግዳሚ አለን፤ ታዲያ ሰው ከሩቅ ለለቅሶ መጥቶ በጨለማ የሚደነቃቀፈው ለምንድን ነው ብለው ነው የጀመሩት። እውነተኛው ምክንያታቸው ግን ሌላ ነበር፤ እሱንም አልደበቁኝም። አንድያ ልጃቸው ቶለሳ ለውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። "እሱ ሲመለስ ሠርጉን በመብራት ነው የምደግሰው" ይሉኝ ነበር። "እድሩ ለለቅሶ ይግዛው፤ እኔ ለሠርግ እከራየዋለሁ።"

በአንድ ጥቅምት፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ እንደደረቀ፣ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ደበላ አምቦ መጡ። ብቻቸውን ነበሩ። "ሞተሩን ዛሬ ጫን" አሉኝ።

"አዴ ዲንቄስ?"

"ካቺሲ ይጠብቁሃል። ሲሠራ አይተው ዋጋውን የሚጨርሱት እሳቸው ናቸው። እድሩ የወከለው እሳቸውን ነው።"

ነጋዴ ነኝና መጀመሪያ የታየኝ ጥድፊያው ነው። የቸኮለ ገዢ ማለት ለእኛ በአጥር ላይ ዘንበል ያለ ፍሬ ነው። ሞተሩን ከነዲናሞው፣ ከሁለት በርሜል ናፍጣ ጋር ጭነት መኪና ላይ ስናሰናዳ፣ በልቤ ዋጋው ላይ ጨመር አደረግኩ። መኪናው ጊንጪ ሲደርስ ሌላ ጨመርኩ።

ከጊንጪ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ መንገዱ ጠባዩ ይለወጣል። የክረምቱ ጭቃ ጎማ እንዳለፈበት ደርቆ፣ መኪናው እንደ ጀልባ እየዋለለ ነው የሚሄደው። ግራና ቀኙ ግን በጥቅምት ያየ ሰው የሚረሳው አይደለም። ኑጉ ቢጫ ለብሷል፣ ገብሱ ነጣ ነጣ ብሏል፣ ከጤፉ ላይ ነፋስ ሲያልፍ አንድ ትልቅ እንስሳ ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስላል። ኦቦ ደበላ መሀል ተቀምጠው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው መንገዱን ያያሉ። እሳቸውም እንደኔ በልባቸው ዋጋ የሚያሰሉ መስሎኝ ነበር። ኬላው ላይ ተቆጣጣሪው የተጫነውን አይቶ፣ "ይሄ ሞተር የማን ነው?" ሲል፣ ኦቦ ደበላ ጠጋ ብለው በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገሩት። ሰውየው ፊቱ ተለወጠና ወረቀት እንኳ ሳያይ ገመዱን አወረደ። ኬላ ጠባቂ ያለ ጉርሻ ገመድ ሲያወርድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያኔ ነው ልቤ ትንሽ የከበደው።

ጎጆ የምትባለው ከተማ ስንደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ወረደ። ከመንገዱ ዳር ሴቶች ድንች ቀቅለው በቅርጫት ይሸጣሉ፤ የጀልዱ ድንች፣ ሲፈርስ እንደ ዱቄት የሚሆነው፣ ከሚጥሚጣ ጋር። ገዛሁና ለኦቦ ደበላ ሰጠኋቸው። አልበሉም። በእጃቸው እያገላበጡ እጃቸውን ያሞቁበት ጀመር።

"ሸምሱ፣" አሉኝ፣ "ይሄ ሞተር ነገ ማታ መብራት መስጠት አለበት።"

"ምን ድግስ አለ?"

"ድግስ የለም። ለቅሶ ነው።"

"ማን ሞተ?"

ድንቹን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ። "ቶለሳ" አሉ።

የሆነውን ነገሩኝ። አብሮት የነበረ የካቺሲ ልጅ ቆስሎ ተመልሶ ለሽማግሌዎቹ ነግሯቸዋል። ከተማው በሙሉ ያውቃል። እናት ብቻ አልሰሙም። መርዶ እንደ ዕቃ ማንም ያገኘ ሰው የሚያደርሰው አይደለም፤ ቀን ይቆረጥለታል፣ የሚናገር ሰው ይመረጥለታል። የአዴ ዲንቄ ወንድሞች ከቆላው እስኪወጡ ተጠበቀ። ከዚያ ደግሞ ሞተሩ ተጠበቀ፤ ከሩቅ ብዙ ሰው ይመጣል፣ ላምባ ከገበያ ጠፍቷል፣ በጨለማ እንዴት ይሆናል ተባለ። ወንድሞቻቸው ከትናንት ጀምሮ ካቺሲ ገብተው በሰው ቤት ተደብቀው ነበር። ነገ ሲነጋ ያረዷቸዋል።

"ታዲያ ግዢውን ለምን ከእጃቸው አልወሰዳችሁም?" አልኩ። "ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ፣ ኦቦ ደበላ? የልጃቸውን የለቅሶ መብራት ራሳቸው ተከራክረው ይግዙ?"

"ብንወስድባቸው ያውቃሉ። ሲመኙት የኖሩት ነገር ነው፣ ምን ብለን እንወስዳለን?" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። "አንተ ብቻ ምንም እንዳታሳይ። ሁልጊዜ እንደምትሆነው ሁን።"

ከጎጆ እስከ ካቺሲ ያለውን መንገድ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላስታውሰውም። ሁልጊዜ እንዴት እንደምሆን ሳስብ ነበር።

ካቺሲ የደረስነው ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው። አዴ ዲንቄ ሱቃቸው ፊት ለፊት ቆመው ጠበቁን። ሰው ተሰብስቧል። ሞተር ወደ አንድ ከተማ ሲገባ የሚኖረውን ጫጫታ አውቃለሁ፤ ልጆች ይሮጣሉ፣ ሽማግሌ ሳይቀር ሊነካው ይጠጋል። ያን ቀን የሚጮህ አልነበረም። ከመኪናው አውርደን ሳር ላይ ስናስቀምጠው እንኳ ሰው ሁሉ ሞተሩን ትቶ አዴ ዲንቄን ነበር የሚያየው።

እሳቸው ዞሩት። በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት። "ያ ጉርባ፣ ይሄ ሞተር ነው ወይስ ጣልያን ጥሎት የሄደው ድስት? በል ዋጋህን ጥራ።"

እኔም ጠራሁ። አፌ የጠራው ዋጋ ግን በመንገድ ላይ ያሰላሁት አልነበረም። አምቦ ላይ፣ ዘመዴም ቢሆን፣ በዚያ ዋጋ አልሸጥለትም። አልበቃኝም፤ "ናፍጣው ምርቃት ነው" አልኩ።

አዴ ዲንቄ እግራቸውን ከሞተሩ ላይ አነሡ። ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ፣ "ኮቱ፣ ና፣ በርሜሉን አሳየኝ" አሉኝና ከመኪናው ጀርባ ወሰዱኝ። ኦቦ ደበላ ሊከተሉን አንድ እርምጃ ተራመዱና ቆሙ።

ከመኪናው ጀርባ ማንም አልነበረም። አዴ ዲንቄ እጃቸውን በርሜሉ ላይ አድርገው፣ እኔን ሳያዩ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ሰሞኑን የሚከራከረኝ ሰው አጣሁ። ጨው አምጪው ገና አፌን ሳልከፍት ቀነሰልኝ። ያቺ ማር የምታመጣልኝ፣ ለእናቷ እንኳ አሟልታ የማትሰፍር፣ ጨምራ ሰፈረችልኝ። ምን አገኛቸው አልኩ። አንተን ነበር የምጠብቀው። የአምቦ ነጋዴ አይራራም፣ እሱ ሲመጣ ነገሩን አውቃለሁ አልኩ።"

አንገቴን ደፍቼ ነበር።

"አትንገረኝ" አሉ። "የምትነግረኝ አንተ አይደለህም፤ ለሱ ሰው አለው፣ ጊዜ አለው። ዛሬ ግን ልጄ ሰሜን ነው ያለው። ገባህ? ዛሬ ገና ሰሜን ነው። ስለዚህ ውጣና እንደ ሰው ተከራከረኝ።"

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አደረጉና ቀድመውኝ ወጡ። ከሰው መሀል ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ይሄ ልጅ ሊያታልለኝ ነው! ርካሽ ዋጋ የሚጠራው ሞተሩ ነገ እንደሚሞት ስለሚያውቅ ነው" አሉ።

የቻልኩትን ያህል ሳቅኩ። "ተሳስቼ ነው የጠራሁት፣ አዴ ዲንቄ። መንገዱ አናውጦኝ ነው" አልኩና እጥፍ ጠራሁ።

"አሁን ሸምሱን አገኘሁት።"

"ወላሂ ከዚህ በታች አያዋጣኝም።"

"አንድ ወላሂ ሰማሁ። ሦስት እስኪደርስ እጠብቃለሁ፤ እውነቱ አራተኛው ላይ ነው ያለው።"

ከሰዉ መሀል አንድ ሰው ሳቀ፣ ደንግጦም አቆመ። እሳቸው ቀጠሉ። ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ የተሰነጠቀ ነው አሉ፤ ቺንጋው አዲስ ነው፣ ዐይንዎን ይታዩ አልኩ። ቀለሙ ለምን አረንጓዴ ሆነ፣ ከወታደር ነው የሰረቅከው አሉ፤ ለጨለማ ቀለም ምን ያደርጋል አልኩ። ዲናሞውን ለብቻ፣ ሞተሩን ለብቻ፣ የታሰረበትን ገመድ ለብቻ ተከራከርን። አንድ ጊዜ ተናድዶ እንደሚሄድ ሰው ሆኜ መኪናው ላይ ወጣሁ፤ አንድ ጊዜ እሳቸው ፊታቸውን አዙረው ወደ ሱቃቸው ገቡ፤ ሁለታችንም ተመለስን። ሰዉ መሳቅ ጀመረ። ሲስቁ የሚያለቅሱም ነበሩ፣ ደግነቱ ሁለቱ ከሩቅ አይለዩም። ኦቦ ደበላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው ጋቢያቸውን ያስተካክሉ ነበር። ጋቢው ግን ደህና ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከስንት ሰው ጋር ተከራክሬያለሁ። እንደዚያ ቀን አድርጌ ግን አልተከራከርኩም። እያንዳንዷን ሳንቲም የያዝኩት እሳቸው ለመንጠቅ የሚያደርጉት ነገር እንዲኖራቸው ነው።

"እስቲ አስነሣው" አሉ በመጨረሻ።

ማኖቬላውን አስገብቼ በሁለት እጄ ጠመዘዝኩ። አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ዱክ፣ ዱክ ማለት ጀመረ። በእንጨት ላይ የሰቀልናት አምፖል መጀመሪያ ቀላች፣ ቀጥሎ ነጣች። ገና ሙሉ በሙሉ አልጨለመም ነበርና ብርሃኗ ያን ያህል አልነበረም። አዴ ዲንቄ ከሥሯ ቆመው ቀና ብለው አዩዋት።

"ለሠርግ ይበቃል?" አሉኝ።

"ይበቃል፣ አዴ ዲንቄ። ለሁለት ሠርግ ይበቃል።"

"የወንድ ሠርግ ነው። ሰው ይበዛል።"

"ይበቃል አልኩ እኮ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "አጥፋው። ናፍጣ አታባክን" አሉ። "ዋጋውን ገና አልተስማማሁም። ነገ እንጨርሳለን።" የቀረን ልዩነት ትንሽ ነበር፤ በአንድ ቃል የሚዘጋ። አልዘጉትም። እኔም አልዘጋሁትም።

ያን ሌሊት መኪናው ውስጥ አደርኩ። ሊነጋ ሲል ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በተርታ ሲወጡ አየሁና ከኋላ ተከተልኩ። በሩን ማንኳኳት አላስፈለጋቸውም። አዴ ዲንቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፋቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወንድሞቻቸውን ከሽማግሌዎቹ መሀል ሲያዩ አልተነሡም። ኦቦ ደበላ ቆመው ጋቢያቸውን ያስተካክሉ ጀመር።

"ኦቦ ደበላ፣" አሉ አዴ ዲንቄ፣ "እኔ አልልላችሁም። የመጣችሁበትን እናንተ በሉት።"

እሳቸውም አሉት።

አውቀው የነበረ ሰው እንደማያውቅ ሰው ይጮኻል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ለካ ማወቅና መስማት የተለያዩ ናቸው። ያን ጩኸት በወረቀት ላይ ማስቀመጥ አልችልም፤ ብችልም አላደርገውም።

ለቅሶው እስኪነሣ ድረስ ካቺሲ ቆየሁ፤ ሞተሩን የሚያስነሣ ሌላ ሰው አልነበረም። በድንኳኑ ውስጥ ሰው ፊት ለፊት ይተያይ ነበር፣ ማንም አልተደነቃቀፈም። አንድ ሽማግሌ ከቆላ የመጡ፣ "እንዲህ ያማረ ለቅሶ አይቼ አላውቅም" አሉ፤ ጥሩ ነገር የተናገሩ መስሏቸው ነው። ስመለስ ኦቦ ደበላ በማን ዋጋ ልክፈልህ አሉኝ። በእሳቸው አልኩ። "ከስረሃል" አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም።

በዓመቱ የሞተሩን መለዋወጫ ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። አዴ ዲንቄ ሱቃቸው ውስጥ ነበሩ፤ ቀጥነዋል፣ ጥቁሩን አላወለቁም። ሰላም ተባባልን። ጉርባ አላሉኝም። ቺንጋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ስንት ነው አሉ። ሆን ብዬ ዓይን ያወጣ ዋጋ ጠራሁ፤ እንዲሰድቡኝ፣ ሌባ እንዲሉኝ፣ ወላሂውን ቀንስ እንዲሉኝ።

"እሺ" አሉና እጃቸውን ወደ መቀነታቸው ሰደዱ።

"አዴ ዲንቄ፣ ይሄ እኮ ዘረፋ ነው" አልኳቸው። "ይከራከሩኝ እንጂ።"

"ለማን ብዬ?" አሉኝ። ቅሬታ አልነበረበትም። እንደ ማንኛውም ጥያቄ ነው የጠየቁኝ።

በኋላ እንደሰማሁት ከማንም ጋር መከራከር ትተው ነበር። የካቺሲ ነጋዴዎች አፍረው ዋጋውን በራሳቸው ላይ በራሳቸው እየቀነሱ ይሸጡላቸው ነበር፤ አንዱ ሻጭ ለብቻው ቆሞ የሁለት ሰው ክርክር ሲከራከር ያየሁት እዚያ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ እሳቸውም አረፉ። እኔ አልደረስኩም፤ መንገዱ በክረምት ተዘግቶ ነበር።

አሁን ሸብቻለሁ፣ ከሥራዬም የተረፈኝ ይህን ሱቅ ጠብቆ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ ነው። ልጆቼ ዋጋ በወረቀት ጽፈህ ለጥፍ፣ ድካም ይቀንስልሃል ይሉኛል። አልለጥፍም። ሰው ስለ አንዲት ብር ሲጨቃጨቀኝ፣ ያቺ ብር የምትሄድበት ቤት አለ ማለት ነው፤ የሚጠብቀው ሰው አለ። ደስ ይለኛል፣ እኔም ጨክኜ እይዛለሁ። የማልወደው የጠራሁትን ሰምቶ እሺ ብሎ እጁን ወደ ኪሱ የሚሰደውን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ ገንዘቡን አልቀበልም መጀመሪያ። ወንበር እስብለታለሁና፣ "እስቲ አረፍ በል፣ ቤት ሁሉ ደህና ነው?" እለዋለሁ።